ድመቷ የናቀችው ኮምፒውተር

የቤታችን ሶላር ጭጋግ ባየ ቁጥር የሚያኮርፍ ነው። ልጄ ቤት ሆና የምትማርበት ኮምፒውተር ልገዛ አሰላ ስወርድ ሚስቴ፣ «መብራት የሚፈጅ ካመጣህ አብራችሁ በረት ታድራላችሁ» ብላ ሸኘችኝ።

ሻጩ ሣጥን የሚያክል ኮምፒውተር እያሳየ፣ «አባባ፣ ይሄ መብራት የሚባል አይፈጅም» አለኝ። እኔ ትምህርት ቤት ባልገባም ዓይን አለኝ። በዚያ የአሰላ ብርድ የሱቁ ድመት ኮምፒውተሩ ላይ ተዘርግታ ታንኮራፋለች፤ ማንኮራፋቷ ጭላሎ ተራራ ድረስ ይሰማል።

«ልጄ፣ መብራት ካልፈጀ ይሄ ሁሉ ሙቀት ከየት መጣ?» ብዬ ድመቷን አነሳሁና አጠገቡ በርቶ የነበረው ትንሹ ኮምፒውተር ላይ አስቀመጥኳት። አሸተተችው፤ እኔን በንቀት አየችኝና ተመልሳ ትልቁ ላይ ወጣች።

«እሷ የናቀችውን ስጠኝ» አልኩት።

ከኋላዬ የቆሙት ገዢዎችም፣ «ለእኛም እሱን» አሉ። ሻጩ ድመቷን ካርቶን ውስጥ ከተታትና፣ «አባባ፣ ይቺ ድመት ገበያዬን ሳትዘጋብኝ እሷንም በነጻ ይውሰዱልኝ» አለኝ።

አመሻሹ ላይ ልጄ ትንሹን ኮምፒውተር ከፍታ ስትማር ሶላሩ አላኮረፈም። ድመቷ ግን ሙቀት ፍለጋ ቤቱን ዞራ ዞራ መጨረሻ ላይ እኔ ሆድ ላይ ወጥታ ተኛች።

ሚስቴ አየት አድርጋን፣ «እዚህ ቤት ብዙ የሚፈጀውማ ታወቀ» አለች።