እህቴ ያልተፈተነችው ፈተና

እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ነርስ መሆን ትፈልግ ነበር፤ የአሥረኛ ክፍል ማትሪክ ውጤት ስላልመጣላት ግን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ገብታ በፈረቃ ትሠራ ጀመር። የምንኖረው አንድ ክፍል ቤት ተከራይተን ነው።

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ አብራት የምትዘምር ጓደኛዋ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት በነጻ እንደሚያስተምር ነገረቻት። ማትሪክ አይጠየቅም፣ ዕድሜ አይጠየቅም። እህቴ አላመነችም ነበር። ተመዝግባ የእንኳን ደህና መጣሽ መልስ ሲመጣላት ግን እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። የመረጠችው ስለ እናቶች ጤና የሚያስተምረውን ነው።

የኮምቦልቻው ኢንተርኔት ቤት ቀርፋፋ ስለነበር፣ በዕረፍት ቀኗ እኔን አስከትላ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ እንሄዳለን። እዚያም ቢሆን ቪዲዮው ጥቂት ቃል ተናግሮ ይቆማል። አስተማሪዋ አፏን እንደከፈተች ትደርቃለች፣ እህቴ ደግሞ ትጠብቃታለች። በመጨረሻ ቪዲዮውን ትታ ከሥር የተጻፈውን ማንበብ ያዘች። እንግሊዝኛው ይከብዳታል። ያልገባትን ቃል እኔ ከመዝገበ ቃላት እፈልግላታለሁ፤ ያላገኘሁትን ዘለነው እናልፋለን። እንዲያም ሆኖ የየሳምንቱን ጥያቄ ታልፍ ነበር። ከፈረቃ ደክማ ገብታ እንኳ ስለ ምጥና ስለ ደም መፍሰስ ታስረዳኛለች። እናታችን የሞተችው በወሊድ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ሲደርስ ኢንተርኔት ጠፋ። ኮምቦልቻም የለ፣ ደሴም የለ። ለምን እንደጠፋ የነገረን አልነበረም፤ መቼ እንደሚመለስም የሚያውቅ አላገኘንም። ፈረቃ እየተቀያየረች ደሴ እንወጣለን፤ የተዘጋ በር አይተን እንመለሳለን። መስመሩ ሲለቀቅ የፈተናው ጊዜ አልፏል። የደረሰባትን ጻፈችላቸው። የመጣው መልስ ሰው የጻፈው አይመስልም፤ በሚቀጥለው ዙር እንደ አዲስ መጀመር ትችያለሽ ነው የሚለው።

ተመዘገበች። የመጀመሪያው ትምህርት ሲከፈት ያቺው አስተማሪ ያንኑ ሰላምታ ሰጠች። እህቴ ትንሽ አየቻትና ተነሣች።

"ይብቃኝ፣ እንሂድ" አለችኝ።

ሚኒባስ ተሳፍረን ወደ ኮምቦልቻ ወረድን።

እኔ ቀንቶኝ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ግቢው ውስጥ ኢንተርኔት እንደ ልብ ነው፤ ያንኑ እህቴ የጀመረችውን ትምህርት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጬ ጨረስኩት። ለዕረፍት ስመጣ የምስክር ወረቀቱን አሳየኋት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር፣ ደስም ብሏታል መሰለኝ፤ እስከ ታች አንብባ መረቀችኝ። ከዚያ ወረቀቱን ሳትመልስልኝ፣

"የመጨረሻው ፈተና ከበደሽ?" አለችኝ።

"አልከበደኝም" አልኳት፤ እውነቱ እሱ ነበር።

ራሷን ነቀነቀች። የከሰዓት ፈረቃ ስለነበረባት ሻርፗን አንሥታ ወጣች። ስለዚያ ትምህርት ከዚያ ወዲህ አንሥተን አናውቅም።