ጫማውን በእጁ ይዞ

አጎቴ አዲስ አበባ እያለ ግንበኛ ነበር፤ እዚህ አሜሪካ መጥቶ አርሊንግተን ውስጥ ሃያ ዓመት ፓርኪንግ ተቀጥሮ ሠራ። ግንብ ማየት ግን አልተወም። አንድ እሑድ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ቤት ቁጭ ብሎ፣ ስልኩ ላይ ስፔን ያለውን የኮርዶባን የድሮ መስጊድ ፎቶ አገኘ። ምሰሶው ማለቂያ የለውም፤ በላዩ ደግሞ ቀይ ጡብና ነጭ ድንጋይ እያፈራረቁ የሠሩት ቅስት። «የሠራው እጅ ይባረክ!» ብሎ ስልኩን ሳመው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ወሬ የለውም። በስንት ጭቅጭቅ ለሦስታችን፣ ለእሱ፣ ለእናቴና ለእኔ፣ ትኬት ተቆረጠ።

ልንሄድ ሳምንት ሲቀረን ዶክተሩ በዚህ ልብህ አውሮፕላን አትሳፈርም አለው። እናቴም ያለ ወንድሜ አልሄድም ብላ አስቸገረች። ተቆጥቶ የላካት ራሱ ነው። «ሂጂና እዪልኝ። ምሰሶውንም ንኪልኝ» አላት።

ኮርዶባ በገባን በማግስቱ ጠዋት፣ እናቴ ሆቴሉ ክፍል ውስጥ ዳዊቷን ስትደግም፣ የአጎቴ ልጅ ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ኮል አደረገችልኝ። እነሱ ጋ ገና አልነጋም። በዚያ ሰዓት የሚደውል ሰው መቼም ደግ ወሬ የለውም፤ ስልኩን ይዤ ኮሪደር ወጣሁ።

«አባዬ ዐረፈ» አለችኝ። «ማታ፣ ቤቱ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ስትመጪ እነግርሻለሁ። ለአክስቴ ግን እንዳትነግሪያት፣ በሞቴ! ስትመለሱ ሽማግሌዎች በማለዳ መጥተው ያረዷታል። ቀብሩንም እስክትመጡ እናቆየዋለን።»

መርዶ በእኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ መንገድ ላይ ላለ ሰው አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዝ ባለበት ነው የሚረዳው። እናቴ ደግሞ ደም ብዛት አለባት። በሰው አገር ብትወድቅብኝ ምን ይውጠኛል? ትኬቱን ለመቀየር ሞከርኩ፤ ከሦስት ቀን በፊት ቦታ የለም። ፊቴን ታጥቤ ገባሁና ዓይኔ መቅላቱን ስታይ «አለርጂዬ ነው» አልኳት። በአበባ ብናኝ ዓይኑ እየቀላ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የኖረ ሰው አለርጂ ሲሉት ያምናል።

መስጊዱ የተባለው ቦታ ግቢው የብርቱካን ዛፍ ነው፤ በዚያ ጠዋት ሠራተኞች በውሃ ሲያጥቡት ደረስን። በመጀመሪያ መስጊድ ነበር፣ በኋላ መሃሉ ላይ ካቴድራል ሠሩበት ብዬ ለእናቴ ነገርኳት። በሩ ላይ ስንደርስ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ዘበኛው እየሮጠ መጣና አድርጊ አላት።

«መስጊድም ከሆነ ጫማ ይወልቃል፣ ቤተ ክርስቲያንም ከሆነ ጫማ ይወልቃል» አለችኝ። «ሁለቱንም ሆኖ ጫማ የሚያስደርገው ምን ዓይነት ቤት ነው?»

እያጉረመረመች አደረገችና ገባን። ውስጡ ጨለም ያለ፣ ቀዝቃዛ ነው። በየትም ብትዞር ምሰሶ ነው፤ አንዱን ስታልፈው ከኋላው ሌላው ይወጣል። ያ ሁሉ ቱሪስት እያለ ድምፅ አልነበረም። እናቴ ድንገት ክንዴን ያዘችኝ።

«መጥቷል እኮ» አለች።

«ማን?»

«ወንድሜ። ያውና፣ ምሰሶውን ይዳብሳል። ባዶ እግሩን ነው። ጫማውን በእጁ ይዞ።»

ወደጠቆመችው ዞርኩ። ምሰሶ እንጂ ማንም የለም። «ሰው መስሎሽ ነው እማዬ» አልኳት። እሷ ቀስ ብላ ሄዳ ምሰሶውን በመዳፏ ነካችው፤ ግንባሯንም አስደገፈችበት። እኔ ወለሉን አየሁ። ምሰሶው ሥር ሁለት የእርጥብ እግር ዱካ ነበር፣ ጣቶቹ ሳይቀሩ የሚታዩ። እናቴ ጫማዋን ያደረገችው ውጭ፣ በሩ ላይ ነው። እያየሁት ደረቀ። ማርያምን!

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት ስለ ወንድሟ አንድም ቃል አልወጣትም። በቀን ሁለቴ ካልደወለላት የምትቆጣ ሴትዮ፣ ደውይልኝ እንኳ አላለችኝም። ስልኩ ተበላሽቷል የሚል ውሸት አዘጋጅቼ ነበር፤ ሳልጠቀምበት ቀረ። እግዜር ረዳኝ አልኩ። አይ የእኔ ነገር!

ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባን። ሽማግሌዎቹ እንዳያንኳኩ በሩን ሳልቆልፍ ተኛሁ። ጎህ ሲቀድ ቀስ ብዬ ስነሳ ሳሎኑ ውስጥ መብራት በርቷል። እናቴ ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ወንበሮቹን ሁሉ ግድግዳ አስይዛ ደርድራ ተቀምጣለች። ሽማግሌዎቹና የአጎቴ ልጅ ገቡ። ታላቁ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ እህታችን፣ ሰው ሆኖ...» ብለው ሲጀምሩ እናቴ አቋረጠቻቸው።

«አይድከሙ አባቴ። እዚያው መጥቶ ተሰናብቶኛል።»

የአጎቴ ልጅ ደንግጣ አየችኝ። ምን አየሽ ብላ ጠየቀቻት፤ እናቴም ነገረቻት። ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። «በሩ ላይ ነው ያገኘነው» አለች፤ «ወደ ቤት ሊገባ ጫማውን አውልቆ፣ በእጁ እንደያዘ።»

ስጮህ ራሴን ሰማሁት። እናቴን ልደግፍ የተመደብኩት እኔ ነበርኩ፤ ወለሉ ላይ የወደቅኩት ግን እኔ ነኝ። እናቴ አጠገቤ ተንበርክካ ራሴን ደረቷ ላይ አደረገችው።

«ለምን ዝም አልሽኝ እማዬ?» አልኳት።

«እዚያ ባለቅስ አንቺን ማን ይይዝልኝ ነበር?» አለችኝ። «አሁን ሰው አለን። በይ አልቅሺ።»