አስለቃሿ ቴሌቪዥን ስታይ

ሰበታ ውስጥ ለቅሶ ላይ ውብአየሁን የሚያህል አልነበረም። ሰው ሲሞት ቀድማ የምትጠራ አስለቃሽ ናት፤ እሷ ሙሾ ካላወረደች የሰው ዓይን ይደርቃል። ታዲያ የሰፈሩ ባለ ቡና ቤት አሥራት ቴሌቪዥን ያስገባ ጊዜ ጉድ ፈላ! አንዱ ተዋናይ ባለቀሰ ቁጥር፣ «ይሄ ዓይኑን አሸ እንጂ የት አለቀሰ? ደግሞ እጁን ማወናጨፉ! ዝንብ ነው የሚያባርረው?» ትላለች። አሥራት አንብቦላት ስቅስቅ ብላ ያለቀሰችበትን ልብ ወለድ በቴሌቪዥን ሲሠሩት አይታ፣ «መጽሐፉ ምን በወጣው፣ እነዚህ እጅ ወደቀ!» ብላ ተነሥታ ወጥታለች።

አንድ እሑድ አዲስ አበባ ትያትር የጀመረች ልጇ ስንዱ መጣች። በሚመጣው ቅዳሜ በቴሌቪዥን በሚታይ፣ ከሌላ መጽሐፍ በተወሰደ ድራማ፣ ባሏ የሞተባትን ሴት ሆና ልትሠራ ነው።

«እማዬ፣ እንደ ሌላው ተዋናይ ፍረጂብኝ። ውሸት ነው ካልሽኝ ትያትሩን ትቼ እመጣለሁ» አለቻት።

ውብአየሁ ክው አለች። መዋሸት አትችልበትም፤ ልጅቷ ደግሞ ከትያትር ሌላ ሕልም የላትም። «ምነው ይሄን ምላሴን በቆረጠው!» እያለች ሳምንቱን እህል ሳይበላላት ከረመች።

ቅዳሜ ማታ ቡና ቤቱ ጢም አለ። ጎረቤቷ ኦቦ ቀጄላ አጠገቧ ተቀምጦ፣ «እሜቴ፣ ዛሬስ ለልጅዎ ያዳላሉ?» አላት።

«ዝም ይበሉ ኦቦ፣ ሆዴን አያባቡት!»

ስንዱ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ አለች። መጀመሪያ ላይ ንግግሯ ከወረቀት እንደሚነበብ ነበር። አንዱ ከኋላ ሳቀ፤ ውብአየሁ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። «በቃ፣ ልጄን በአፌ ልገድላት ነው» አለች በሆዷ።

ከዚያ መርዶ ነጋሪዎቹ በሩ ላይ ተሰልፈው ታዩ። ስንዱ ገና ሳይናገሩ ገባት። አልጮኸችም። «ግቡ፣ ተቀመጡ» ብላ በርጩማ አቀረበች። አንደኛው አፉን ሊከፍት ሲል ሌላ በርጩማ አመጣች። ሌላም ጨመረች። እንዳይናገሩ ነው የምታስቀምጣቸው! በርጩማው አለቀና ባዶ እጇን ቆመች። ያኔ አንዴ ብቻ፣ «ዋይ!» አለች።

ውብአየሁ መቼ እንደተነሣች አታውቅም። ለቅሶ ሲሰማ መቀበል ልማዷ ነውና ነጠላዋን አገልድማ ደረቷን እየደቃች ሙሾውን ለቀቀችው፦

«ቤቱ ሞላ እንግዳ፣ አለቀ በርጩማው፣
የት ቀረ፣ የት ገባ፣ የቤቱ አባወራው?»

የተቀመጡት ሴቶች አብረው አነቡ። ኦቦ ቀጄላ «ያ ዋቃ! አምላኬ!» እያለ ባርኔጣውን አወለቀ። አሥራት የያዘውን ብርጭቆ ለቀቀው። በጅማ መንገድ ያልፍ የነበረ ባለ አህያ ጩኸቱን ሰምቶ እየሮጠ ገባና፣ «ኧረ ማነው የሞተው?» አለ።

ውብአየሁ ድንገት ነቃች። ያገለደመችውን ነጠላ አየች፤ ቴሌቪዥኑን አየች። እንባዋ ሳይደርቅ ሳቋ አመለጣት።

«ማንም አልሞተም፣ ተመስገን! ልጄ እኮ ናት፤ ትያትረኛ ናት!»