ወደ ቤት የሚወስደው ጎን

መንግሥት መኪና ሁሉ ከቀኝ ወደ ግራ ይዞራል ብሎ በሬዲዮ ባወጀ ጠዋት፣ ሲኔቫ ቦምቦሊኖ እየጠበሰች ነበር። ሰማችና ከት ብላ ሳቀች። ባሏ ፊሊፖም ዱቄት የለበሰ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሳቀ። ናፍጣ ሊቀዳ የቆመው የአውቶቡስ ሹፌር ማታዮ ደግሞ መሪው ላይ ተደፍቶ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። የዚያን ቀን በሳሞአ ምድር ያልሳቀ ሰው አልነበረም። አገር እንዴት አንድ ጠዋት ተነስቶ የመንገዱን ጎን ይቀይራል?

«እኔ ብዞር እንኳ ይኼ አውቶቡስ አይዞርም» አለ ማታዮ። «መንገዱን በቃሉ ነው የሚያውቀው። እኔ ዝም ብዬ ነው የምቀመጠው።»

«አንተ ተቀምጠህ እሱ ነው የሚነዳህ? ደመወዙን ለእሱ እንስጠዋ!» አለች ሲኔቫ፤ ተሳፋሪው ሁሉ አውካካ።

ሳቋ የተቋረጠው ቀና ብላ የገዛ ማደያዋን ስታይ ነው። ማደያው ከመንደሩ ወደ አፒያ ለሚሄድ ሰው በቀኝ በኩል ነው የሚገኘው። ጠዋት ወደ ከተማ የሚወርደው መኪና ሁሉ በቀኝ እየነዳ መጥቶ፣ መሪውን ነካ ሲያደርግ እቅፏ ውስጥ ይገባል። ሰው በግራ የነዳ ቀን ግን ጠዋተኛው ሁሉ በማዶ ያልፋታል ማለት ነው። ቦምቦሊኖው ዘይቱ ውስጥ እስኪያር ድረስ ቆማ መንገዱን አየችው።

ያንን ቦታ ሲኔቫ እንዲሁ በዋዛ አላገኘችውም። የባሏ አጎትና የቤተሰቡ አለቃ አባባ ሌኦታ ሁለት የኮኮናት ዛፍ የቆመበትን የመንገድ ዳር መሬት ሲሰጧት፣ የነበራት አንድ በርሜል ቤንዚን፣ አንድ የእጅ ፓምፕና አንድ መጥበሻ ነው። ቤንዚኑን በግራ፣ እሳቱን በቀኝ አድርጋ ስትሸጥ ያየ ሁሉ ያማትብ ነበር። የባሏ እህት ቴዊላ፣ ቤቷ ከመንገዱ ማዶ ፊት ለፊት ስለሆነ፣ «ይቺ ሴትዮ አንድ ቀን ሁላችንንም ትጠብሰናለች» እያለች በየጠዋቱ ትተነብያለች። ማንም ሳይጠበስ ቀረ። በርሜሉ ወደ ሁለት ፓምፕ አደገ፣ የቆርቆሮ ዳሱ ማቀዝቀዣ ያለው ሱቅ ሆነ፣ ዓሣ ማጥመድ እንኳ የማይሆንለት ፊሊፖም የአሳማ ሥጋ የታጨቀበት ዳቦ መጋገር ሲጀምር እጁ ወርቅ መሆኑ ታወቀ።

ጠዋት ጠዋት እዚያ ማደያ ግርግሩ ጉድ ነበር። አውቶቡስ ነዳጅ ሊቀዳ ሲገባ ከነተሳፋሪው ነው፤ ተሳፋሪው ደግሞ በወንበሩ ልክ ሳይሆን በጭኑ ልክ የተጫነ ነው፣ አንዱ ባንዱ ላይ። ሁሉም ወርዶ ቁርሱን በልቶ፣ የተቀመጠበትን ጭን አስታውሶ ይመለሳል። ጭን ተሳስቶ የተቀመጠ አንድ ወጣት ኋላ ሚስት አገባበት ይባላል፣ እኔ ግን አላረጋግጥም። ከሰዓት ከሰዓት ደግሞ ዶሮዎች ፓምፑ ሥር ተኝተው ይውላሉ። የሲኔቫ ሀብት ጠዋት ነበር፣ መንግሥት ደግሞ ጠዋቱን አንስቶ ማዶ ሊሰጠው ነው።

ቴዊላ ለመስማት አልዘገየችም። በዚያው ሳምንት ጥሩ ሽርጧን ለብሳ አባባ ሌኦታ ዘንድ ሄደች። ነዳጅ የሚያቀርበው ድርጅት ለአንድ መንደር ከአንድ ማደያ በላይ አይሰጥም፤ ስለዚህ ፓምፖቹ ተነቅለው እኔ ግቢ ይተከሉ፣ ሲኔቫም ከፈለገች እኔ ዘንድ ትቀጠር አለች። «ከፈለገች» ያለችበት አነጋገር ሲኔቫን ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳት።

አባባ ሌኦታ ቸኩለው የማያውቁ ሰው ናቸው። «መንገዱ ይዙርና እንየው» አሉ። «የመጀመሪያው ሳምንት ባለቀ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ እቆርጣለሁ።»

ሰኞ መንገዱ ዞረ። ያንን ቀን ማየት ነበር! ሥራ የለም፣ ትምህርት የለም፤ መንደሩ ሁሉ ምንጣፉን ይዞ መንገድ ዳር ወጥቶ መኪና ያያል። አንድ መኪና በግራ ሲመጣ ልክ ጎል እንደገባ ይጮኻል። አንድ አዛውንት በቀኝ መጥተው ከመንደሩ ጩኸት የተነሳ ሞተራቸውን አጥፍተው ወርደው ተደበቁ። ሲኔቫም ለተመልካቹ ለስላሳ ሸጠች፣ ማክሰኞም እንዲሁ፤ ልቧ ትንሽ ተስፋ ቀመሰ።

ረቡዕ ሥራ ተጀመረና ተስፋው ተነነ። ጠዋት የማታዮ አውቶቡስ በማዶ በኩል እየተንፏቀቀ መጣ። ተሳፋሪው አንገቱን አስግጎ የዳቦውን ሽታ ያሸታል።

«ሲኔቫ፣ ይቅር በይኝ እህቴ! ላቋርጥ ብል ፖሊሱ አለ! ባወርዳቸው በሩ መሀል መንገድ ላይ ነው የሚከፈተው!» ብሎ ጮኸ ማታዮ። እውነቱን ነው። የአውቶቡሱ በር የተሠራው ለድሮው ጎን ነውና፣ በሌላው በኩል አዲስ በር እስኪቀደድለት ድረስ ተሳፋሪን መንገድ ላይ ማውረድ የሚመጣው መኪና ፊት ማቆም ነበር።

ሐሙስ ፊሊፖ አንድ ዘዴ መጣለት። ቦምቦሊኖውን በሳህን ተሸክሜ እኔው ልሻገር፣ በመስኮት ልሽጥ አለ። ወገቡን አጥብቆ፣ ዕድሜ ልኩን እንዳደረገው ወደ ግራ አይቶ መንገዱ ላይ ወጣ። መኪና ግን አሁን የሚመጣው ከቀኝ ነው። የጭነት መኪናው ጥሩንባውን ሲለቅበት፣ ያ ድብልብል ሰውዬ ከነሳህኑ እንደዚያ ይዘላል ብሎ ያሰበ የለም። እሱ ቦይ ውስጥ አረፈ፣ ቦምቦሊኖው በየአቅጣጫው ተንከባለለ፣ የመንደሩም አሳማዎች ከየት መጡ ሳይባሉ ደረሱ።

ቴዊላ በረንዳዋ ላይ ሆዷን ይዛ ተንፈራፈረች። «ሲኔቫ! ማን ነው ገበያ የለሽም ያለው? ይኸው ደንበኛ! እግራቸው አራት መሆኑ ነው እንጂ!»

ሲኔቫ ፊሊፖን ከቦይ ጎትታ ስታወጣ አብራ ሳቀች፤ ሳቅ ከሷ ርቆ አያውቅም። ሱቁ ውስጥ ገብታ የለስላሳ ሳጥን ላይ ስትቀመጥ ግን አለቀሰች። ያንን ቦታ ትወደው ነበር። የቤንዚኑን ሽታ፣ የማቀዝቀዣውን ጉርምርምታ፣ ጠዋት ስሟን የሚጠራውን ሰው ሁሉ ትወደው ነበር። የቴዊላ ተቀጣሪ ሆና ማዶ ቆማ ይኼን ግቢ ባዶውን ማየትን ልታስበው አልቻለችም።

ዓርብ ከሰዓት፣ ዶሮዎቹ እንደ ልማዳቸው ተኝተው ሳለ፣ ከአፒያ የሚመለሰው የማታዮ አውቶቡስ እያሳለ መጣ። ናፍጣው አልቋል። ሲመለስ ደግሞ በሲኔቫ በኩል ነውና፣ ማንንም ሳያቋርጥ ሸርተት ብሎ ግቢው ውስጥ ገባ። ዶሮዎቹ ተደናግጠው በየፊናቸው በረሩ።

ከፊት ወንበር አባባ ሌኦታ ተቀምጠዋል፣ የተጠቀለለ ጋዜጣ ብብታቸው ሥር። ለጉዳይ አፒያ ውለው መመለሳቸው ነው። ጋዜጣውን አዩ፣ እጃቸውን አዩ፣ የመስታወቱን መደርደሪያ ሞልቶ የዋለውን ዳቦ አዩ። እዚህ አገር ከተማ ውሎ የሚመለስ ሰው ባዶ እጁን አይገባም። «ምን ይዘህ መጣህ?» ብሎ የሚጠይቅ እንኳ የለም፤ ሁሉም ዓይኑን እጅህ ላይ ያደርግና ዝም ይላል፣ ያ ዝምታ ከስድብ ይከፋል። ከተማ ውስጥ ደግሞ ሰው ጉዳዩ ያዋክበዋል፣ አውቶቡሱ ይጠራዋል፣ ይረሳል። እማማ ማሲና፣ የአባባ ሌኦታ ሚስት፣ የዝምታ ሊቅ ነበሩ።

ሽማግሌው ፓምፑን የሚመረምሩ መስለው ወረዱ፣ አንዴም ጎማ ረገጡ፣ ከዚያ ሱቁ ደጃፍ ላይ ተገኙ።

«ይኼ ዳቦ… ትኩስ ነው?»

«የዛሬ ነው፣ አባባ። አንድ ላቅርብልዎ?»

«አንድ? አንዱን ለማን ልስጠው? ማሲና አለች፣ ልጆቹ አሉ፣ የልጆቹ ልጆች አሉ፣ እነዚያ ከሳቫይ ደሴት መጥተው አልሄድም ያሉት አሉ። ነይ ጠቅልይው። ሁሉንም።»

አውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አሰገገ። ከዚያ አንዲት ሴት «ወይኔ፣ እናቴ!» ብላ ጮኸች። ሁሉም በየልቡ የራሱን ደጃፍ አየ። የተነሳው ግርግር እስከዛሬ ይወራል። ከላይ የተቀመጡት ዘለሉ፣ ከሥር ያሉት እግራቸው ደንዝዞ እየተብረከረኩ ተከተሉ፣ በሩ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ተቀርቅሮ በመስኮት የወጡም አሉ።

«አባባ ሌኦታ፣ ሁሉንም አይሆንም! የጋራ አገር ነው!»

«እኔ ነኝ ቀድሜ ያሰብኩት!»

«ቀድሞ ያሰበ ሳይሆን ሚስቱን የሚፈራ ነው የሚገዛው!»

«እሱማ ከሆነ ሁላችንም ቀድመናል!»

ዳቦው አለቀ፣ የቆርቆሮ ሥጋው አለቀ፣ ብስኩቱ፣ ሳሙናው፣ ከረሜላው አለቀ። በመጨረሻ የደረሰው ሰውዬ ባዶውን መደርደሪያ አይቶ ሊያለቅስ ሲል ዓይኑ የሞተር ዘይት ላይ አረፈ።

«እሱን ስጪኝ።»

«ሚስትህ መኪና አላት እንዴ?» አለች ሲኔቫ።

«የላትም። ግን ባዶ እጄን አልገባም!»

አውቶቡሱ እየዘፈነ ሄደ። ሲኔቫ ባዶ ሱቅ መሀል ቆመች፣ ፊሊፖ እጁን ሽርጡ ላይ እየጠረገ ከጓዳ ወጣ። «ዘረፉን እንዴ?» አለ።

«ፊሊፖ፣ ጅል ነበርን!» ብላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «ጠዋት የሚሄድ ሰው የሚገዛው ለአንድ አፍ ነው። ማታ የሚመለስ ለቤት ሙሉ ነው! መንግሥት የሰጠን ቤቱን ሁሉ ነው፣ እኛ ቦምቦሊኖ ይዘን እናለቅሳለን!»

«ታዲያ ምን እያየሽኝ ነው? ዱቄቱን አምጪው!» አለ ፊሊፖ።

ቅዳሜ ሲጋግሩ ዋሉ። ሲኔቫ የኮኮናት ቅጠል እየጎነጎነች ዘንቢል ሠራች፤ በየዘንቢሉ ዳቦ፣ የተጠበሰ ዶሮና የተቀቀለ ጎደሬ አሰናድታ፣ ሹፌር ሳይወርድ በመስኮት እንዲቀበል መንገዱ አፍ ላይ ደረደረችው። ከሰዓት የመኪናው ሰልፍ ረዝሞ ማዶ ካለው ከቴዊላ አጥር ጫፍ አልፎ ሄደ። ቴዊላ በረንዳዋ ላይ ቆማ አየች። የዚያን ቀን አልሳቀችም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤተሰቡ በአባባ ሌኦታ ቤት ተሰበሰበ። በጋለ ድንጋይ የበሰለው አሳማና የኮኮናት ወተት የተጠቀለለበት የጎደሬ ቅጠል ተበላ፣ እጅ ታጠበ። ቴዊላ ተነሥታ፣ ወደ ከተማ የሚሄደው መኪና ሁሉ አሁን በእኔ በር ነው የሚያልፈው፣ ማደያ ያለ መኪና ምን ሊሆን ነው ብላ በደንብ ተናገረች። ንግግሯ ሲኔቫን ራሷን ሊያሳምናት ምንም አልቀረውም።

አባባ ሌኦታ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ በምክር ላይ ተናግረው የማያውቁት እማማ ማሲና ቀደሟቸው።

«እኔ ይኼን ሰውዬ ካገባሁት ጀምሮ አፒያ ይሄዳል» አሉ። «ካገባሁት ጀምሮ ጋዜጣ ይዞ ይመለሳል። ጋዜጣ አይበላ! እኔ ደግሞ ማንበብ አልወድም። ዓርብ ለት ዳቦ ተሸክሞ ገባ። የሰው ቤት የገባ መስሎኝ መንገድ ላሳየው ነበር።» ቤቱ በሳቅ ሲናወጥ ጣታቸውን ወደ ባላቸው ቀሰሩ። «ያቺን ማደያ ከቦታዋ የነቀልክ ለት፣ አንተም ውጭ ከዶሮዎቹ ጋር ነህ።»

አባባ ሌኦታ ምርጫቸውን አሰቡበት። «ፓምፑ ባለበት ይቀመጥ» አሉ።

ሲኔቫ ሳቀችም አለቀሰችም፣ የቱ ቀድሞ እንደመጣ አላወቀችም። ቴዊላን አንገቷን እንደ ደፋች ስታያት ግን አሳዘነቻት። ተነሥታ ሄዳ አጠገቧ ቁጭ አለች። «አንቺ፣ ጠዋቱን ውሰጂው» አለቻት። «በርሽ ላይ ሻይና ቦምቦሊኖ እንክፈት፣ መጥበሻዬን እሰጥሻለሁ። እኔ የሚመለሰውን፣ አንቺ የሚሄደውን። ሁላችንንም እንዳትጠብሽን ብቻ።»

ቴዊላ ልትቆጣ ሞከረች፣ አልቻለችም። «መጥበሻው ይበሳ እንደሆን አዲስ ትገዢልኛለሽ» አለችና ሳቀች።

የሲኔቫ ድርጅት የተወለደው ያን ለት ነው። ከዚያ ወዲህ በደሴቲቱ ዙሪያ ማደያው እየበዛ ሄደ፣ ሁሉም ግን ወደ ቤት በሚወስደው ጎን ነው። ሲኔቫ አዲስ ቦታ ስትመርጥ አመሻሹ ላይ ምንጣፍ ዘርግታ መንገድ ዳር ትቀመጥና የሚመለሰውን ሰው እጅ ታያለች። ባዶ እጅ የበዛበት ቦታ ለማደያ ይቆፈራል። በየበሩ በትልቁ የተጻፈው «ምን ይዘህ ትገባለህ?» የሚል ነው።

አዲሱ የሩቅ ማደያዋ በተመረቀ ቀን ሲኔቫ ቀኑን ሙሉ ስትሮጥ ውላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በማታዮ አውቶቡስ ተሳፈረች። መንደሯ ሊደርስ ሲል እጇን አየች። ባዶ ነው። የሰውን እጅ ስታይ ኖራ የራሷን አይታ ስለማታውቅ፣ ይኼ ነገር በራሷ ላይ ይደርሳል ብላ አስባው አታውቅም።

«ማታዮ! ማደያው ጋ አቁም! ፊሊፖ ቤት አለ!» ብላ ጮኸች።

«ራስሽ ማደያ አይደለሽ እንዴ?» አለ ማታዮ እየሳቀ፤ መሪውን ነካ አደረገና ሸርተት ብሎ ገባ።

በገዛ ሱቋ፣ ከሰው ኋላ ተሰልፋ፣ እንደ ማንም ከፍላ አንድ ዘንቢል ገዛች። ፊሊፖ የቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። አንድም ቃል ሳይናገር ዓይኑን እጇ ላይ አደረገ። ሲኔቫ ዘንቢሉን ከፍ አድርጋ አሳየችው።

ዳቦውን ቆርሶ ቀመሰ፣ ዓይኑን ጨፈነ። የጋገረው እሱ ራሱ ነው፣ ጠዋት ገና ሳይነጋ።

«ከየት አመጣሽው?» አለ። «እንዲህ የሚጣፍጥ በልቼ አላውቅም።»