ካርታው አረንጓዴ የሆነበት ቀን

ሁልጊዜ ጠዋት፣ መደወል ከመጀመሯ በፊት፣ የስልኳን ፊት በሹራቧ እጅጌ ትጠርገዋለች። አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች። ንጹሕ ቢሆንም ትጠርገዋለች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ከሠላሳዎቹ መድኃኒት ቤቶች ወደ መጀመሪያው ትደውላለች።

«እንዴት አደራችሁ? ዛሬስ ምን አለ፣ ምን የለም?»

ከመስመሩ ማዶ ያሉት ሰዎች ስሟን ትተው «ማንቂያዋ» ይሏታል፤ ገና ጋዋናቸውን ሳይለብሱ ስልኩ ስለሚጮኽ። «ማንቂያዋ ደውላለች፣ ተነሡ!» ይባባላሉ። አንዳንዱ ይነጫነጭባታል፣ አንዳንዱ ስለ ወገቡ ሕመም ያወራላታል፤ ሁሉም ግን እውነቱን ይነግራታል። እሷም የሰማችውን ራሷ በጀመረችው የስልክ አፕ ላይ ትሞላለች፤ ላለው አረንጓዴ ነጥብ፣ ለሌለው ግራጫ። መድኃኒት የቸገረው ሰው ስልኩ ላይ የመድኃኒቱን ስም ሲጽፍ ካርታ ይከፈትለታል፤ አረንጓዴ ወዳየበት ይሄዳል። አፑ ይኸው ነው፣ ሌላ ምትሐት የለውም።

ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ከመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ ቆማለች። በእነዚያ ዓመታት ከሁሉ አብልጣ የተናገረችው ቃል «የለም» ነው። «የለም ለሚል ሰው ደመወዝ የሚጨመር ቢሆን ኖሮ ዛሬ ባለ ፎቅ ነበርኩ» ትላለች። ሰው የሐኪሙን ወረቀት መልሶ እያጣጠፈ «የት ይገኝ ይሆን?» ሲላት፣ አላውቅም ማለቱ አንጀቷን በላው። ስለዚህ ሥራዋን ለቀቀች። ኮምፒውተር የሚያውቀውን የአክስቷን ልጅ ይዛ፣ የእናቷ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ የልብስ ስፌት መኪና በነበረበት ጠረጴዛ ላይ ጀመረች።

ሁለት ዓመት ቁጠባዋ ገፋው። ሰው ወደደው፤ በቀን አራት ሺህ ያህል ሰው ይከፍተዋል። ግን ነጻ ነው። ታሞ ለሚዞር ሰው የፍለጋ ዋጋ አልጠይቅም ብላ ምላለች። የቀራት መንገድ ቬንቸር ካፒታል የሚሉት ብቻ ነበር፤ ብድርም ያልሆነ፣ ምጽዋትም ያልሆነ፣ ከድርጅቱ ድርሻ ወስዶ «ቶሎ እደጊ፣ አለዚያ ሙቺ» የሚል ገንዘብ።

አሥራ አራት በር አንኳኳች። አንዱ ገበያው ጠባብ ነው አላት። ሌላው መቶ ሺህ ተጠቃሚ ሲኖርሽ ተመለሽ አላት፤ እሷ የሄደችው መቶ ሺሁን ለማግኘት ነበር። አንዲት ሴት ደግሞ እያዛጋች «የምትደውይው አንቺው ነሽ? ታዲያ ይሄ ቴክኖሎጂ ነው ጉሮሮ?» አለቻት። የቀሩት መልስ እንኳ አልሰጡም።

«ድርጅታችሁ ስንት ያወጣል ቢሉኝስ ምን ልበል?» አለችው አንድ ቀን የአክስቷን ልጅ።

«ላም አለኝ በሰማይ በያቸው። እነሱስ የሚገዙት የሰማይ ላም አይደል? ወተቷን ካዩማ ይሸሻሉ።»

እሷ አልሳቀችም። ሰርቨሩ፣ ማለትም አፑ የሚያድርበት የኪራይ ማሽን፣ የተከፈለለት እስከ ወሩ መጨረሻ ነበር። ከዚያ በኋላ ካርታው ይጠፋል፤ ያ ሁሉ ሰው እንደ ድሮው በር ለበር ይዞራል። አሥራ ሁለት ቀን ሲቀራት አሥራ አምስተኛው ፈንድ፣ ማለትም ገንዘብ አፍሳሽ ድርጅት፣ ለነገ ጠራት።

ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆነ። የአክስቷ ልጅ ቁጭ ብድግ ሲል ውሎ ለማሳያ ብቻ የሚሆን የአፑን ቅጂ አዘጋጀ። በቅጂው ውስጥ የማይገኝ መድኃኒት የለም፤ ካርታው እንደ ጠገበ መስክ አረንጓዴ ነው።

«ይሄን ብቻ ነው የምታሳዪያቸው። ዋናውን እንዳትነኪ፤ እሱ ላይ እውነተኛ ሰው አለበት» አላት።

«ባንኮኒ ኋላ ስድስት ዓመት የቆምኩት እኔ ነኝ፣ አንተ ትነግረኛለህ?»

ክፍሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ ጠረጴዛው ረጅምና ከባድ እንጨት። የፈንዱ ኃላፊ እጅጌውን እስከ ክርኑ የጠቀለለ፣ በዕድሜ ከእሷ ብዙም የማይበልጥ፣ ቶሎ ፈገግ የሚል ሰው ነው። ለምን እንደጀመረችው ነገረችው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ፍለጋ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ሦስቱንም ጊዜ «የለም» ስላለቻት እናት ተናገረች። ሰውየው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማ። የአክስቷ ልጅ ቅጂውን ግድግዳው ላይ ሊያበራ ሲል ሰውየው እጁን አነሣ።

«ቆይ፣ ቆይ። የግድግዳውን ሁሉም ሰው ያሳምረዋል። እኔ ትናንት ስልኬ ላይ ጭኜዋለሁ። እስቲ ያልሽውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ልፈልገው።»

የዚያን ቀን ጠዋት ሠላሳዎቹም «የለም» ብለዋት ነበር። ሰውየው ስልኩን አዙሮ ለባልደረቦቹ አሳየ። ሠላሳ ግራጫ ነጥብ።

«ይሄ ካርታ ነው የመቃብር ቦታ?»

ሳቁ። ግራጫውም እኮ መልስ ነው፣ ሰው በከንቱ ከቤቱ እንዳይወጣ ያደርጋል፣ ማለት ትችል ነበር። ለመድኃኒት ቤቶቹም፣ ለእናቷም መቶ ጊዜ ያለችው ነገር ነው። የዚያን ሰዓት ግን «አንዳንዴ ኔትዎርኩ ይዘገያል» አለች። የራሷን ስልክ ጉልበቷ ላይ አድርጋ በየጠዋቱ የምትሞላውን ገጽ ከፈተች። ዓይኗን ጨፍና የምታውቀው ገጽ ነው። ዘጠኙን ግራጫ አረንጓዴ አደረገቻቸው። በየቀኑ የምትሠራውን ሥራ ነው የሠራችው፤ ያልደወለችው ብቻ ነው።

«እስቲ እንደገና ይክፈቱት።»

ከፈተው። «አሃ! አሁን ነፍስ ዘራ» አለ፤ ስልኩም ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የአክስቷ ልጅ ኮምፒውተሩን ከደነው።

ወደዷት። ሕግ አዋቂያቸውን ጠሩላት፤ ስለ ድርሻ፣ ስለ ፊርማ፣ ስለ ቢሮ ወሬው ረዘመ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። ደረጃውን ሲወርዱ ነው የአክስቷ ልጅ የጠየቃት።

«መለስሻቸው?»

«ምኖቹን?»

«ነጥቦቹን ነዋ!»

ደረጃው ላይ ተቀምጣ ዘጠኙን አንድ በአንድ ግራጫ አደረገች። እሱ የፈላጊዎቹን ዝርዝር አየ። በዚያ ሁለት ሰዓት መድኃኒቱን የፈለጉት ሦስት ሰዎች ናቸው።

«ሦስት ብቻ» አለ። «እግዜር ያውቃል፣ አልሄዱም ይሆናል።»

ሁለቱ አልሄዱም ይሆናል። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ። ባለቤታቸውን በሽታው በየጊዜው ይጥላቸዋል፤ ክኒናቸው ካለቀ ሰንብቷል፤ መምህሩም ብቻቸውን ጥለዋቸው አይወጡም። ያን ቀን ግን ዘጠኝ አረንጓዴ አዩ። «ቶሎ እመለሳለሁ፣ ከወንበርሽ እንዳትነሺ» ብለው ሁለት አውቶቡስ ተሳፈሩ። አንደኛው መድኃኒት ቤት የለም አላቸው። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ሲመለሱ ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። ሴትዮዋ ውኃ ሊያሞቁ ተነሥተው ምድጃው ላይ ወድቀዋል። ቀኝ እጃቸውና ጉንጫቸው ተቃጥሏል።

መምህሩ በአራተኛው ቀን ደወሉ። አፑ ግርጌ ላይ ያለው ቁጥር የእሷው ነው። አልጮኹም፤ የሆነውን ተራ በተራ ነገሯት፣ ልጅ እንደሚያስተምሩ ሁሉ ቀስ ብለው።

በዚያው ሳምንት ፈንዱ ከፊርማው በፊት ማጣራት ጀምሮ ነበር። ሕግ አዋቂው የደረሰውን ቅሬታ ሁሉ ጠየቀ። ቅሬታ የሚመዘገብበት ሰንጠረዥ ሁለት ምርጫ ብቻ አለው፦ «የአፑ ስህተት» እና «የተጠቃሚ ስህተት»። የአክስቷ ልጅ የመምህሩን ቅሬታ ከፍቶ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ጠበቃት።

«የትኛውን ልበል?»

«የተጠቃሚ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ሰርቨሩ አምስት ቀን ነው የቀረው። አራት ሺህ ሰው ነው። ጻፈው አልኩህ።»

ጻፈው። ከዚያ ወዲህ እሷ ፊት ቀልዶ አያውቅም። ሐሙስ ዕለት ተፈረመ። ዛሬ ድርጅቱ የመስታወት በር አለው፤ ሃያ ሠራተኞች ለሁለት መቶ መድኃኒት ቤቶች ይደውላሉ። ነጥብ መቀየር የሚቻለው ሁለት ሰው ሲያጸድቅ ብቻ ነው፤ ያን ደንብ ያወጣችው እሷ ናት፣ ምክንያቱን ግን ለሠራተኞቿ አልተናገረችም። መድኃኒቱ ሲገኝ ራሷ ይዛ መምህሩ ቤት ትሄዳለች። ሴትዮዋ በግራ እጃቸው ይቀበሏትና ይመርቋታል። ምርቃቱ ሲረዝም ወደ መሬት ታያለች።

ይህን ሁሉ ያወራችው ራሷ ናት። ጉልበቷ ላይ ስለነበረው ስልክ፣ ስለ ዘጠኙ ነጥብ፣ ስለ ሰንጠረዡ፣ አንዱንም አልደበቀችም፤ ይጻፍ፣ ይነበብ አለች። ከጽሑፉ እንዲቀርላት የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው። መምህሩ በስልክ ነገራቸውን ሲጨርሱ አንድ ጥያቄ ጠይቀዋት ነበር።

«ልጄ፣ አረንጓዴ ነበር እኮ ያየሁት። ወይስ ዓይኔ ነው?»

«ዓይንዎ ይሆናል፣ አባባ» አለቻቸው።

«ይሆናል» አሉ መምህሩ። «እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሰው ያይልኛል።» አመስግነዋትም ዘጉ።