እናቴ ሚሪን የጠራች ቀን

የሕክምና አልኮል በሸተተኝ ቁጥር ጉለሌ ያለው የሚሲዮን ግቢ ፊቴ ላይ ድቅን ይላል። እናቴ እዚያ ክሊኒክ ድሬሰር ስለነበረች፣ ቁስል አጥባ፣ ፋሻ ቀቅላ ስትገባ እጇ እሱን እሱን ይሸት ነበር። ነርሷ ሲስተር ኤልሳ ፈረንጅ ነበሩ፤ የባላቸው አያት ወንጌል ሊሰብኩ በበቅሎ ከገቡ ጀምሮ ቤተሰቡ እዚሁ ወልዶ፣ እዚሁ ቀብሮ ኖሯል። ሲስተር ልጃቸውን ሚሪን ወልደው ወተታቸው እምቢ ሲል፣ እኔን ታጠባ የነበረችው እናቴ ሁለታችንንም አጥብታ አሳደገችን።

ክረምት ክረምት ጎርፉ መንገዱን ሲቆርጠው ሚሪ እኛ ቤት እያደረች፣ ብርድ ልብሴን እየጎተተች፣ እናቴን «እማዬ» ትላት ነበር። ጎረቤቶች «አንቺ፣ ፈረንጅ ወልደሽ አረፍሽው?» ሲሏት እናቴ ትስቃለች። እኔ አልስቅም፤ እናቴን መካፈል አልወድም ነበር።

ደርግ ከገባ በኋላ አንድ መስከረም ጸሎት ቤቱ ታሸገና ሰዉ መጽሐፍ ቅዱሱን ዱቄት ውስጥ ይደብቅ ጀመር። በበጋው እነሲስተር አገር ለቃችሁ ውጡ ተባሉ። የቀበሌ ጠባቂዎች መኪና አቁመው፣ ቶሎ ካልወጡ የሚሪን አባት እንደሚያስሩ ተናገሩ። ሚሪ ግን የለችም። እኛ አልጋ ሥር፣ ከጤፉ ጆንያ ጀርባ እንደተደበቀች እኔም እናቴም እናውቅ ነበር።

ሲስተር እያለቀሱ መጥተው «እባክሽ ጥሪያት፤ ያንቺን ድምፅ ከሰማች ትወጣለች» አሏት።

«ሲስተር፣ ሌላ ይዘዙኝ፤ እሱን ግን አልችልም።»

ጠባቂው ደጃችን ላይ የቆሙትን የሚሪን አባት ክንድ ሲይዝ ግን እናቴ ወደ ውስጥ ዞራ፣ ለምሳ እንደምትጠራን ድምፅዋን አለስልሳ «ሚሪዬ፣ ነይ እናቴ» አለች። ሚሪ አቧራዋን ሳታራግፍ እየሳቀች ወጥታ እቅፏ ውስጥ ገባች፤ እናቴም እንደያዘቻት ወስዳ አስረከበቻት። መኪናው ቁልቁለቱን ጨርሶ እስኪታጠፍ ድረስ «እማዬ» እያለች ስትጮህ ይሰማን ነበር።

ወሬዋን ዳግመኛ አልሰማንም፤ ያኔ ከውጭ ደብዳቤ መቀበል ራሱ ያሳስር ነበር። እናቴ ያን ዓመት ሙሉ እህል አልበላ አላት፤ አንጀቷ እንደተቆረጠ ቀረ።

ዛሬ ልጆቼ ከጓዳ ሳሎን እየተጠራሩ ያደነቁሩኛል። እናቴ አርጅታ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ዱሮ ድምፅዋ ከክሊኒኩ እስከ ወንዙ ይሰማ ነበር፤ አሁን ልጆቹን ስትፈልጋቸው በዱላዋ ተደግፋ ካሉበት ድረስ ሄዳ ትከሻቸውን ነካ ታደርጋለች። እኔንም ከዚያ ቀን ወዲህ ጠርታኝ አታውቅም።