የአጎቴ መንጠቆና የእኔ ቋጠሮ

ገና የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ መቱ ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ደሳለኝ ፋኖሱን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው መንጠቆ ማልበስ ይጀምሩ ነበር። ያኔ የልብስ ስፌቱን ሥራ ትተው እኛ ዘንድ ይኖሩ ነበር። በሶር ወንዝ ድንጋዮች ሥር ባለ ሁለት ጭራ ቡናማ ነፍሳት አሉ፤ ዓሣ ይወዳቸዋል። ጋሼ የእነሱን አምሳል ይሠሩ ነበር። እንዲሰምጥ መንጠቆው ላይ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይጠመጥማሉ፤ ከአሮጌ ሹራብ በተረተሩት ክር ገላውን ያለብሱታል፤ ከጅግራ ላባ ሁለት ዘለላ ለጭራ፣ ጥቂት ደግሞ ለእግር ያስሩለታል። እጃቸው ሲሠራ አፋቸው ተረት ያወራል፤ ተረቱ የሚያልቀውም የመጨረሻው ቋጠሮ ሲጠብቅ ነበር።

በዚያው ዓመት፣ ዝናቡ አባርቶ ወንዙ ሲጠራ፣ ተረቶቹ መርዘም ጀመሩ። ቀበሮዋ ከጉድጓድ ሳትወጣ ወንድም ታገኛለች፣ ወንድሟ ሚስት ያገባል፣ ሠርጉ ላይ ዝንጀሮ ይመጣል። እኔ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ምሽት ግን የከሰሉ ፍም አመድ ለብሶ፣ ተረቱ ገና ሠርጉ ላይ ሳለ፣ ዓይኔ ጣቶቻቸው ላይ አረፈ። ይንቀጠቀጣሉ። መንጠቆው ራቁቱን ነው።

ሳላስበው እጄን ዘርግቼ ወሰድኩባቸው። ፊታቸውን አይቼ ፈራሁ። ክሩን እያቀበሉኝ ግን፣

«ክሩን ጠበቅ አድርጊው፤ ግን በኦሮምኛው ሱታ እንደሚሉት፣ ቀስ እያልሽ። ከቸኮልሽ ይበጠሳል» አሉኝ።

በዚያ ምሽት ሁለት አሰርኩ። ቅዳሜ አብረን ሶር ወረድን። የመጀመሪያውን ዓሣ ነከሰው፤ ቋጠሮዬ ላልቶ ኖሮ ክሩ ተተርትሮ መንጠቆው ባዶውን ተመለሰ። በሁለተኛው ጋሼ ክንድ የሚያህል ዓሣ አወጡ።

ቤት ስንደርስ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ፣ «ጋሼ፣ ይሄን የሚያህል በምን ያዙት?» ብለው ጠየቁ።

«በገዛ እጄ ባሰርኩት ነዋ!» አሉ፣ እኔን ሳያዩ።

እውነቱን የምታውቀው እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። መናገር እችል ነበር፤ አልተናገርኩም።

በማግስቱ ምሽት የመንጠቆ ማስቀመጫ ቆርቆሯቸውን ከፊቴ አስቀመጡ። «ከዛሬ ጀምሮ ተረቱን እኔ፣ ክሩን አንቺ» አሉኝ። ስለ ትናንቱ አላነሱም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ጉልበታቸው ከድቷቸው ዳግመኛ ወንዝ አልወረዱም። እኔ ያሰርኳቸውን የሰፈሩ ዓሣ አጥማጆች እየወሰዱ ያጠምዱባቸው ነበር፤ እሳቸው እስኪያርፉም እንዲሁ አብረን ሠራን።

ዛሬ ከተረቶቻቸው አንዱንም ከዳር እስከ ዳር አላስታውስም። ያን ቀን ለምን ዝም እንዳልኩ ግን አንዳንዴ አስባለሁ። ደግነት ነበር ለማለት አልደፍርም፤ ተናድጄ ነበርና። ምናልባት ያኔም ሳይገባኝ አልቀረም፤ እኔ ገና ብዙ ዓሣ የምይዝበት ዕድሜ ነበረኝ፣ ለእሳቸው ግን ያ የመጨረሻቸው ነበር።